አርማታ ከመሞላቱ በፊት፦ በባህር ዛፍ ቋሚ የሚሠራ መጋዘን መሬት እንዴት ይዘጋጃል?

የመጀመሪያው መጋዘኔ ወለል ላይ አንዲት ስንጥቅ አለች። ከሦስተኛው ቋሚ ተነስታ እስከ በሩ ትሄዳለች። አንድ ቀን የብር ሳንቲም ሳስገባባት ዋጥ አድርጋ አስቀረችው። አርማታው ጥሩ ነበር፣ ሲሚንቶም አልሰሰትኩም። ጥፋቱ ከሥር ነው። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ስለ አርማታው ሳይሆን አርማታው ስለሚተኛበት መሬት ነው።

መጋዘኑ 6 በ8 ሜትር ነው። የባህር ዛፍ ቋሚ፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ውስጡ ጀንፈል፣ ማለትም ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና። ጅማ ውስጥ እንዲህ ዓይነቱን የማያውቅ የለም።

መጀመሪያ ወሩን ምረጡ። ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው፣ ክረምት ላይ አፈር መጠቅጠቅ ጭቃ ማቡካት ነው። ደረቁ ጊዜ ከህዳር ጀምሮ ያለው ነው፣ ግን ያኔ ቀን ሠራተኛው ሁሉ ቡና ለቀማ ላይ ስለሆነ ሰው አታገኙም፣ ብታገኙም ዋጋው አይቀመስም። እኔ ጥርን እመርጣለሁ። ለቀማው ጋብ ይላል፣ ዝናቡም ገና ነው።

ቀጥሎ አፈሩን እዩ። ከጅማ አጠገብ ካለው የጅሬን ኮረብታ ተዳፋት ላይ እንዳለው ዓይነት ቀይ አፈር ከሆነ እድለኛ ናችሁ። ሜዳው ላይ ሆናችሁ ጥቁር ዋልካ ከገጠማችሁ ግን ሥራው ሌላ ነው። ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ላይ ያለውንም ይዞ ይወጣል ይወርዳል። አጠገቤ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ «ልጄ፣ ይሄ አፈር ይተነፍሳል» ብለውኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ጋሼ፣ ቀላል መጋዘን እኮ ነው» ብዬ አለፍኳቸው።

ላዩን 20 ሴንቲ ሣሩን፣ ሥሩን፣ ጉቶውን ጠራርጋችሁ አውጡ። ዋልካ ከሆነ ውረዱ፣ ቢያንስ 50 ሴንቲ። ከዚያም በታች ዋልካው የሚቀጥል ከሆነ ገንዘብ ከማፍሰሳችሁ በፊት ባለሙያ አሳዩት።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ቁፋሮው ከቋሚው ይቀድማል። አንድ ሜትር የተቀበረ ቋሚ ዙሪያውን 50 ሴንቲ ከቆፈራችሁለት ግማሽ እግሩን ቆረጣችሁት ማለት ነው። ቆፍሩ፣ ቋሚውን ከተቆፈረው ወለል ጀምራችሁ ቅበሩ፣ ቆርቆሮውን ምቱ፣ ከዚያ ሙሌቱን በጥላ ሥር ሥሩ። ድንገት ዝናብ ቢመጣ እንኳ ሙሌቱ አይጨማለቅባችሁም።

ሲባጎና ችካል መወጠሩን ታውቁታላችሁ። ከፍታውን ለማስተካከል ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ይበቃል፣ ውስጡ የአየር አረፋ አለመኖሩን ብቻ እዩ። ያለቀለት ወለል ከውጭው መሬት 20 ሴንቲ ያህል ከፍ ማለት አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፣ ሙሌትና መጠቅጠቅ። እኔ የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው። ገረጋንቲ፣ ማለትም ለሙሌት የሚሆን ጠጠራማ አፈር፣ ማስጫን ስስቼ ከጓሮ የወጣውን አፈር መልሼ 40 ሴንቲ በአንድ ጊዜ ሞላሁ። «ውሃ አጠጣው፣ አድሮ ራሱ ይጠቀጠቃል» አሉኝ። አጠጣሁት። ጠዋት ስመጣ ዝቅ ብሎ አየሁና ደስ አለኝ። ላዩ ነበር የተቀመጠው፣ ውስጡ እንደ ሊጥ ሆኗል። በዓመቱ ወለሉን በመዶሻ እጀታ ስመታው መሃሉ ላይ እንደ ከበሮ ይጮሃል። አፈሩ ወርዶ አርማታው አየር ላይ ቀርቷል።

ስለዚህ ገረጋንቲ አምጡ። ከቁፋሮ የወጣውን ዋልካ ለጎመን መደብ ስጡት። ገረጋንቲውን 20 ሴንቲ በ20 ሴንቲ ዘርጉ፣ ከዚያ በላይ በፍጹም። በደንብ ሲጠቀጠቅ ወደ 15 ይወርዳል። እኔ አሁን ቋሚዎቹ ላይ በየ15 ሴንቲው በጠመኔ አሰምራለሁ። ሠራተኛው ልስረቅ ቢል እንኳ መስመሩ ያሳብቅበታል።

እርጥበቱ ደግሞ በእጅ ይታወቃል። አንድ ጭብጥ አፈር አንሱና ጨምቁት። ስትከፍቱት ከፈረሰ ደርቋል፣ ውሃ ይፈልጋል። መዳፋችሁን ካረጠበና ከተጣበቀ በዝቶበታል፣ ዘርግታችሁ አድርቁት። ኳስ ሆኖ ቆይቶ በአውራ ጣት ስትጫኑት ሁለት ሦስት ቦታ ከተሰበረ በሉ ጠቅጥቁ። ይቺን ሙከራ በየንብርብሩ አድርጉ፣ ምክንያቱም ጠዋት የጫናችሁት እርጥብ አፈር የጅማ ጥር ፀሐይ ላይ ተቆልሎ ከዋለ ከሰዓት ሌላ አፈር ይሆናል።

ለመጠቅጠቂያ በቀን ኪራይ ኮምፓክተር፣ ማለትም በሞተር የሚጠቀጥቅ ማሽን፣ አምጡ። የቀለም ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልቶ ቱቦ የተተከለበትን የእጅ መደቅደቂያ ብዙ ሰው ይወዳል፣ ርካሽ ነው፣ ግን 48 ካሬ በእሱ እጨርሳለሁ ማለት ራስን ማታለል ነው። ሰው ሲደክመው መምታቱን ትቶ መጣል ይጀምራል። ኮምፓክተሩ የማይገባበት የቋሚ ዙሪያና ጥጋ ጥግ ላይ ግን ግድ ነው። እዚያ ንብርብሩን 10 ሴንቲ አድርጉት።

ስንት መኪና ይፈልጋል? ሙሌቱ ሁለት ንብርብር፣ ማለትም ተጠቅጥቆ 30 ሴንቲ ቢሆን፣ 48 ካሬ በ30 ሴንቲ 14.4 ሜትር ኪዩብ ነው። 20 ሴንቲው ሲጠቀጠቅ 15 ስለሚሆን ሲሶ ያህል ጨምሩበት፣ ወደ 19 ይሆናል። ሾፌሩ የነገራችሁን አትመኑ፣ የሲኖውን ሳጥን ራሳችሁ በሜትር ለኩ። ተጣልቼበት ስለማውቅ ነው።

ሙሌቱ ሲያልቅ የእጅ ጋሪ ድንጋይ ሞልታችሁ ከጥግ ጥግ ግፉ። ጎማው የሰመጠበትን ቦታ በጠመኔ ክበቡ፣ ቆፍራችሁ እንደገና ጠቅጥቁ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

ከዚያ 25 ሴንቲ የድንጋይ ንጣፍ። ድንጋዩ ተጋድሞ ሳይሆን ቆሞ ይደርደር፣ ክፍተቱ በትናንሽ ድንጋይና በጠጠር ይሞላ። ላዩን ስስ አሸዋ አልብሱት፣ አለዚያ የድንጋዩ ጫፍ ከላዩ የሚነጠፈውን የእርጥበት መከላከያ ላስቲክ ይበሳዋል። ላስቲኩ ሲነጠፍ አንዱ በአንዱ ላይ 30 ሴንቲ ይደረብ። «ለቆርቆሮ መጋዘን ላስቲክ ምን ያደርጋል?» የሚላችሁ ሰው ቡና አስቀምጦ አያውቅም። እርጥበቱ ከታች ይወጣና ሻጋታውን ከታችኛው ጆንያ ይጀምራል። ላስቲክ ቢኖርም ጆንያውን ርብራብ ላይ ማስቀመጥ አትተዉ።

ቋሚው አርማታውን እንዳይነካ ወፍራም ካርቶን ወይም ፎም ጠቅልሉበት። የእኔ ስንጥቅ ከቋሚ የተነሳችው በከንቱ አይደለም። አርማታው እንጨቱን ጨብጦ ይዞት ነበር፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው አልወርድ አለ። ለምስጥ ብለው የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚቀቡም አሉ። ለእንጨት ማስቀመጫ ይሁን፣ ለቡና መጋዘን ግን እኔ አልቀባም። ቡና ሽታ ይስባል፣ ገዢውም አፍንጫ አለው።

ከተዳፋቱ ላይኛ በኩል ውሃ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ፣ የቆርቆሮው ጠብታም ከወለሉ ጠርዝ ውጭ መውደቁን አረጋግጡ።

ሲሚንቶውን የምትገዙት ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እኔ ቀድሜ ገዝቼ ሙሌቱ ሲጓተት 4 ከረጢት ጥግ ላይ ደረቀብኝ። አሁን በር መደገፊያ ናቸው።