የድሮ ቮልስ ሲታደስ በብሎን ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ከአዲስ አበባ ወጣ ሲሉ፣ በቡራዩም በሰበታም በኩል፣ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ እድሳት የምትጠብቅ ቮልስ አትጠፋም። ስለ ቀለሟና ስለ ወንበሯ ብዙ ይታሰባል። ብሎኑ ግን «ከሶማሌ ተራ ይገዛል» ተብሎ ይታለፋል። ይሄ ያሳዝነኛል። መሪውንም ፍሬኑንም የያዘው ብሎን ነው።

ተፈቶ የወጣውን ሁሉ ኦሪጅናል ነው ማለት። መኪናዋ ለአሥርት ዓመታት ከጋራዥ ጋራዥ ዞራለች። የጠፋው ብሎን በተገኘው ተተክቷል። ስለዚህ «ከላይዋ ላይ ነው የፈታሁት» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ግራና ቀኙን ያስተያዩ። የአንዱ ፓራፋንጎ ብሎኖች ሁሉ ተመሳስለው ሁለቱ ብቻ ከተለዩ፣ ኋላ የመጡት ሁለቱ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ጭንቅላቱን ሳያነቡ መጣል። ከግራሶውና ከዝገቱ ሥር ጽሑፍ ሊኖር ይችላል። ናፍጣ ውስጥ ዘፍዝፈው በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱት፤ ግራይንደር አያስነኩት። በጀርመን መኪና ላይ ካማክስ፣ ቬርቡስ ወይም ሪቤ የሚል የአምራች ስም ካገኙ ጥሩ ምልክት ነው። ቀጥሎ ቁጥሩን ይዩ። 8.8 ከሆነ፣ የፊተኛው 8 በ100 ሲባዛ ብሎኑ እስኪበጠስ የሚችለውን ጉልበት ይነግራል፤ 800 ሜጋፓስካል ማለት ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው ደግሞ በ80 በመቶው፣ ማለትም 640 ላይ፣ ብሎኑ ተለጥጦ እንደሚቀር ያሳያል። በአሮጌ የጀርመን ብሎን ላይ ግን በላቲን ፊደል 8ጂ ወይም 10ኬ ተጽፎ ሊያገኙ ይችላሉ። ፎርጅድ መስሏቸው የሚጥሉት አሉ። የድሮው አጻጻፍ ነው እንጂ፣ 8ጂ የዛሬው 8.8፣ 10ኬ ደግሞ የዛሬው 10.9 ነው። እንዲህ ያለ ብሎን ካገኙ በደንብ ያስቀምጡት።

«ገብቷል እኮ» ብሎ ማመን። ብዙ ሞተር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የቁልፉን ቁጥር ይዩ። ባለ 8 ሚሊ ብሎን (8 የግንዱ ውፍረት ነው) አብዛኛውን ጊዜ በጀርመን መኪና በ13 ቁልፍ ይፈታል፤ በጃፓን መኪና በ12። ባለ 10 ሚሊው የድሮ ጀርመን 17፣ የጃፓን 14፣ የዛሬው ዓለም አቀፍ ደረጃ 16 ነው። ቮልስ ላይ 14 ቁልፍ የሚይዘው ባለ 10 ሚሊ ካገኙ፣ ከሌላ መኪና የመጣ ነው ብለው ይጠርጥሩ።

ቁልፉ ብቻ ግን አይበቃም። ባለ 10 ሚሊ ብሎን በጥርሶቹ መካከል 1.5፣ 1.25 ወይም 1 ሚሊ ሊኖረው ይችላል። የማይስማማው ሁለት ሦስት ዙር በእጅ ይገባና ይይዛል። የጋራዡ ልጅ «ጋሼ፣ ገብቷል እኮ፣ ትንሽ በቁልፍ ልግፋው» ይላል። አይግፋው! የቮልስ ሞተር አካል የማግኒዥየም ቅይጥ ነው፤ ብረቱ አሸንፎ ጥርሱን ይበላዋል። ከዚያ ወደ ቶርኖ ቤት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። አሮጌውንና አዲሱን ብሎን ጥርስ በጥርስ አጋጥመው ወደ ብርሃን ያንሱ። በመካከላቸው ብርሃን ካሳለፉ አይስማሙም። ሲያስገቡም እስከ መጨረሻው ድረስ በጣት ይዙር፤ ቁልፍ ለማጥበቂያ ብቻ ነው።

የድሮ ላንድሮቨር የሚያድሱ ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቁ። እዚያ ያለው ኢንች ነው። የኢንች 5/16 ውፍረቱ 7.94 ሚሊ ስለሆነ በዓይን ከ8 ሚሊ አይለይም። በቀደሙት ላይ የእንግሊዝ ዊትዎርዝ ዘር ብሎኖችም አሉ፤ የጥርሳቸው ማዕዘን 55 ዲግሪ ሲሆን የሚሊው 60 ነው።

የጎማ ብሎን መቀመጫን አለማየት። ይሄን ስህተት ከሁሉም በላይ እፈራዋለሁ። የኋለኞቹ ባለ 4 ብሎን ቮልሶች የጎማ ብሎን 14 ሚሊ ነው፣ ጥርሱ 1.5። ከፋብሪካ በመጣው ቸርኬ ላይ ብሎኑ የሚያርፍበት ቦታ እንደ ኳስ ክብ ነው። በገበያ ያለው ብዙ ብሎን ደግሞ ሾጣጣ ነው። ጥርሱ አንድ ስለሆነ ይገባል፣ ይጠብቃልም። ግን ቸርኬውን የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ ስለሆነ በጉዞ ላይ ይላላል። መቀመጫው ላይ ስስ ግራሶ ቀብተው ብሎኑን በእጅ አስገብተው ያውጡት። ምልክቱ ሰፊ ቀለበት ከሆነ ይስማማል፤ ቀጭን መስመር ከሆነ ይመልሱት። ግራሶውን መጥረግ አይርሱ።

ስለሚያበራ ብቻ ስቴንለስ መግጠም። የተለመደው ስቴንለስ የሚለጠጠው 450 ሜጋፓስካል ላይ ነው፤ ከ8.8 በብዙ ያንሳል። ማግኒዥየም ላይ ሲታሰር ደግሞ፣ እርጥበት ሲያገኝ፣ የሚበላው ማግኒዥየሙ ነው። የእኛ ክረምት ለዚህ ይመቸዋል። ለጌጥ ይሁን፤ ለመሪና ለፍሬን ግን በፍጹም።

በአሲድ ማጠብ። 10.9ና ከዚያ በላይ የሆነ ብሎን ከአሲዱ ሃይድሮጅን ስቦ ሊሰበር ይችላል። ያውም ከታሰረ በኋላ፣ ሳይታሰብ።

ሁሉንም አንድ ጣሳ ውስጥ መክተት። ካርቶን ላይ የክፍሉን ቅርጽ ይሳሉ፣ ይብሱት፣ ብሎኑን ከነሮንዴላው በየቦታው ይሰኩት። ገበያ ሲሄዱ፣ ሶማሌ ተራም ሆነ ምናለሽ ተራ፣ ቁጥር ብቻ ጽፈው አይሂዱ። አሮጌውን ብሎን ከነዳዶው ይዘው ይሂዱ፤ አዲሱን እዚያው በዳዶው ይሞክሩት።