የ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ተቃዋሚ ሰባኪ፦ ሕይወቱን ከመዝገብ እንዴት እንደሚያወጡት

(ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ዘመን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት አልቀበልም ብሎ ከአጥቢያው የተባረረ ሰባኪ ስለራሱ አንዲት መስመር ላይተው ይችላል። ያሳደዱት ግን ሲጽፉ ነው የኖሩት። ስለዚህ ፍለጋውን ከስብከቱ ሳይሆን ከሕጎቹ ይጀምሩ፤ እያንዳንዱ ሕግ የራሱን ወረቀት ጥሎ አልፏል።

ከሁሉ በፊት የቀን አቆጣጠሩን ያጣሩ። እንግሊዝ ውስጥ እስከ 1751 ድረስ ዓመት የሚለወጠው ማርች 25 ነበር። መዝገቡ «ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1661» ካለ እኛ 1662 የምንለው ነው፤ ማስታወሻዎ ላይ 1661/2 ብለው ይጻፉት። ንጉሥ ቻርልስ 1ኛ የተገደለው በዘመኑ አጻጻፍ ጃንዋሪ 30 ቀን 1648 ሲሆን ዛሬ 1649 ይባላል። ይህን የዘለለ ሰው የሰባኪውን ልጅ ከወላጆቹ ሠርግ በፊት ክርስትና ያነሳዋል። ቀኑን ግን አይንኩት፤ ከዛሬው አቆጣጠር ጋር ላስማማ ብሎ 10 ቀን መጨመር ሌላ ስህተት ይወልዳል።

ቀጥሎ መቼና ለምን እንደወጣ ይለዩ። ሁሉንም በኦገስት 24 ቀን 1662 ማባረር የተለመደ ግድፈት ነው። በ1660 ቻርልስ 2ኛ ከስደት ሲመለስ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ከአጥቢያቸው የተነሱ የቀድሞ ቄሶችም ተመልሰዋል፤ በቦታቸው የነበሩት ያን ጊዜውኑ ለቀቁ። በ1662 የወጡት የመንግሥት ቤተ ክርስቲያኗን የጋራ ጸሎት መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ እንቀበላለን ብለው በይፋ አናረጋግጥም ያሉት ናቸው። የሁለቱ ድምር 2,000 ገደማ ይሆናል። ስሙን ኤድመንድ ካላሚ በ1702 ባወጣው፣ ኤ. ጂ. ማቲውስም በ1934 አርሞ ባሳተመው ዝርዝር ይፈልጉ። ከሌለ ተስፋ አይቁረጡ፤ አጥቢያ ይዞ የማያውቅ ሰው ሊባረር አይችልም። ሰባኪውና ደራሲው ጆን ባንያን ቤድፎርድ የታሰረው በኖቬምበር 1660፣ ያውም በ1593 በወጣ ሕግ ነው።

ትልቁ ሀብት ያለው የቅጣት መዝገብ ውስጥ ነው። የ1664ቱ ሕግ ከቤተሰብ ሌላ 5 ሰው የተገኘበትን የጸሎት ስብሰባ ከለከለ። የ1665ቱ ደግሞ በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በመንግሥት ላይ ለውጥ ለማምጣት አልሞክርም ብሎ ያልማለ ሰባኪ ወደ ቀድሞ አጥቢያው ወይም ወደ ከተማ 5 ማይል እንዳይጠጋ አገደ፤ መቀጮው 40 ፓውንድ ነበር። በእነዚህ ዓመታት ድንገት ወደ ሩቅ መንደር ከተዛወረ ምክንያቱን እዚህ ይፈልጉ። በ1670ው ሕግ በተከለከለ ስብሰባ የሰበከ ሰው መጀመሪያ 20፣ ሲደግም 40 ፓውንድ ይከፍላል፤ ከመቀጮው ሲሶው የጠቋሚው ነው። ሰባኪው ከሸሸ ወይም ድሃ ከሆነ ዕዳው ለአድማጮቹ ይተርፋል። ለዚህ ነው በየካውንቲው (በየአውራጃው) መዛግብት ቤት ያሉትን፣ በዓመት 4 ጊዜ የሚሰየመውን ፍርድ ቤት ጥራዞች ሲገልጡ እሱን አጥተው የምእመናኑን ስም የሚያገኙት። ስማቸውን ይቅዱ፤ በኋላ ኑዛዜው ላይ ብቅ ይላሉ።

በማርች 1672 ንጉሡ የአምልኮ ፈቃድ መስጠት ጀመረ፤ ዓመት ሳይሞላ አዋጁን ሻረው እንጂ። ፈቃዶቹ ለንደን አቅራቢያ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ መዛግብት አሉ። ለሰባኪውና ለቤቱ ለየብቻ ስለሚሰጡ ሁለቱንም ይፈልጉ። «ፕሬስቢቴሪያን» የሚለውን ስያሜ ብቻ ይዘው ግን እምነቱን አይደምድሙ፤ በፕሬስቢቴሪያን (በሽማግሌዎች ጉባኤ በሚተዳደሩት) እና በኮንግሪጌሽናል (እያንዳንዱ ማኅበረ ምእመናን ራሱን በሚያስተዳድርባቸው) መካከል ያለው ድንበር ያን ጊዜ ልል ነበር።

ቀብሩን በአጥቢያው መዝገብም ይፈትሹ፤ ከቤተ ክርስቲያን የተባረረ ሁሉ ከመቃብሯ አልተባረረም። ኑዛዜው እዚያው ኪው ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ከ1653 እስከ 1660 የሞተ ዘመድ ካለው ደግሞ የመላው አገሩ ኑዛዜ ለንደን ላይ ስለሚጸድቅ የካውንቲውን ማኅደር በማገላበጥ ጊዜዎን አያጥፉ።