ኬ3ቢ «ዲፔንደንሲ ጎድሏል» ብሎ አልጫን ሲል

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ወይም መንዙማ በዲስክ ለምታወጡና ኡቡንቱ ለምትጠቀሙ ነው። ኬ3ቢ ሲዲና ዲቪዲ የሚጽፍ ፕሮግራም ነው፤ ዲፔንደንሲ ደግሞ ፕሮግራሙ እንዲሠራ የሚያስፈልገው ሌላ ፓኬጅ ነው። ትዕዛዞቹ እዚህ በአነባበባቸው ተጽፈዋል፤ ተርሚናል ላይ ግን በትንንሽ የላቲን ፊደል ይተየባሉ።

በፍላሽ የመጣ የዴብ ፋይል (የኡቡንቱ መጫኛ ፓኬጅ) በዲፒኬጂ አትጫኑ። ዲፒኬጂ የሰጡትን ብቻ ይፈታል እንጂ የጎደለውን ሄዶ አያመጣም፤ አፕት ግን ከማከማቻ ያመጣል። «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ብላችሁ የፋይሉን ስም ጻፉ፤ ከስሙ ፊት ነጥብና እዝባር ይግባ፣ ያለዚያ አፕት የፓኬጅ ስም ይመስለዋል።

ነገሩ አስቀድሞ ከተበላሸ «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል» በሉ። እሺ ከማለታችሁ በፊት ግን የሚወጣውን ዝርዝር አንብቡ። ኬ3ቢ ከሚወገዱት መካከል ካለ አፕት የጎደለውን ከየትም አላገኘም ማለት ነው። ኬ3ቢም፣ ሌላው ዲስክ የሚጽፈው ፕሮግራም ብራዜሮም ያሉት ዩኒቨርስ በሚባለው ማከማቻ ስለሆነ «ሱዶ አድ-አፕት-ሪፖዚቶሪ ዩኒቨርስ»፣ ቀጥሎ «ሱዶ አፕት አፕዴት»።

ጎደለ የተባለው ሊብሲ6 (አብዛኛው ፕሮግራም የሚመረኮዝበት መሠረታዊ ላይብረሪ) ከሆነና ከፍ ያለ ቨርዥን ከተጠየቀ፣ ፋይሉ ለሌላ የኡቡንቱ እትም የተሠራ ነው። ጣሉት። ሊብሲ6ን በግድ ከሌላ እትም ማምጣት ሲስተሙን በሙሉ ሊያበላሽ ይችላል።

ኢንተርኔት በሌለው ኮምፒውተር ላይ የተለመደው ስህተት ፓኬጆቹን በሌላ ኮምፒውተር ማውረድ ነው፤ ያኛው ቀድሞ የጫናቸውን አፕት ስለሚዘልላቸው ፍላሹ ጎዶሎ ይመጣል። ይልቅ ስልካችሁን በዩኤስቢ አገናኝታችሁ በራሱ በኮምፒውተሩ ላይ «ሱዶ አፕት አፕዴት» በሉ፣ ከዚያ «አፕት-ጌት --ፕሪንት-ዩሪስ ኢንስቶል ኬ3ቢ» በሉ። የሚወርደው ፋይል ሁሉ አድራሻውና መጠኑ በባይት ይዘረዘራል። ዝርዝሩን ይዛችሁ ኢንተርኔት ካለበት አውርዱና ሁሉንም ከአንድ ፎልደር በአንድ ጊዜ ጫኑ። ኬ3ቢ ኬዲኢ ለሚባለው ሌላ ዴስክቶፕ የተሠራ ፕሮግራም ስለሆነ በመደበኛው ኡቡንቱ ላይ ብዙ ላይብረሪ ያስከትላል፤ ዳታ ለሚቆጥብ ሰው ብራዜሮ ይሻላል።

ተጭኖም ሲዲ እየጻፈ ዲቪዲ እምቢ ካለ የጎደለው ዲቪዲ የሚጽፈው ግሮውአይሶኤፍኤስ ነው፤ የሚገኘው «ዲቪዲ+አርደብልዩ-ቱልስ» በሚባለው ፓኬጅ ውስጥ ነው። ሲዲም ካልጻፈ ሲዲ የሚጽፈው ዎዲም መኖሩን እዩ። ኤምፒ3 መንዙማ ወደ ኦዲዮ ሲዲ ሲገባ «ፎርማቱን አላውቀውም» የሚል ከሆነ «አፕት ሰርች ኤክስትራኮዴክስ» ብላችሁ ከኬ3ቢ ጋር የሚመጣውን ጫኑ፤ ስሙ እንደ እትሙ ትንሽ ይለያያል።