በጥንታዊ የአውሮፓ ኅትመቶች ላይ የዕውቀትንና የተፈጥሮን ምስል ማንበቢያ ዘዴ

በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር የሥዕል ታሪክ ለሚያስተምር መምህር ጥሩ መነሻ የሚሆነው ተማሪው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። የቡልጋውን አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ስማቸው ባይጻፍም በክንፎቻቸውና በተቆረጠችው እግራቸው እንደምንለያቸው ሁሉ፣ በእንጨትና በመዳብ ሰሌዳ ላይ ለኅትመት ሥዕል የሚቀርጹ የአውሮፓ ባለሙያዎችም ዕውቀትንና ተፈጥሮን በሴት መልክ ሲቀርጹ ማንነታቸውን በሚይዙት ዕቃ አስታውቀዋል። ነገር ግን ጻድቁ በምድር የኖሩ ሰው ናቸው፤ የኅትመቷ ሴት ግን በአካል የተመሰለች ሐሳብ ናት። ስለዚህ «ማን ናት?» ከማለት በፊት «ምን ይዛለች? ማንን ትመራለች? እርሷንስ ማን ይመራታል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ለልምምድ በ1503 እ.ኤ.አ. የታተመውን የግሬጎር ራይሽን «ማርጋሪታ ፊሎሶፊካ» የተባለ የትምህርት መጽሐፍ ይምረጡ። በእንጨት ቅርጹ ላይ በሴት የተመሰለችው ሰዋስው የፊደል ገበታና ቁልፍ ይዛ አንድ ልጅ ወደ ግንብ ታስገባለች፤ ፎቆቹ ተከታዮቹ ትምህርቶች ሲሆኑ ከላይ ያለው ነገረ መለኮት ነው።

ከዚያ ጠንከር ወዳለው፣ ማቴውስ ሜሪያን ለእንግሊዛዊው ሐኪም ለሮበርት ፍሉድ መጽሐፍ በመዳብ ወደ ቀረጸውና በ1617 እ.ኤ.አ. ወደ ታተመው ምስል ይለፉ። እዚህ ዋናውን ነገር የሚናገረው ሰንሰለቱ ነው፤ ከደመና የወጣው የእግዚአብሔር እጅ ተፈጥሮን በሰንሰለት ይዟል፣ እርሷም በተራዋ በሉል ላይ የተቀመጠ ዝንጀሮ በሰንሰለት ይዛለች። የመንዝ ተማሪ የጓሳን ጭላዳ አስታውሶ መሳቁ አይቀርም፤ ይሳቅ፣ ትርጉሙን ግን ከጓሳ አያምጣ። በዚያ ዘመን አውሮፓ ዝንጀሮ ያየውን አስመስሎ የመሥራት ምልክት ስለነበር፣ እዚህ የቆመው ተፈጥሮን እየተከተለ ለሚሠራው የሰው ጥበብ ነው።

የዕቃዎቹን ትርጉም ለማመሳከር በ1593 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የወጣው፣ በ1603 ደግሞ ሥዕል የታከለበት የቼዛሬ ሪፓ የምልክቶች መፍቻ መጽሐፍ «ኢኮኖሎጂያ» ይጠቅማል፤ የራይሽን ምስል ግን በእርሱ መፍታት አይቻልም፣ ዘጠና ዓመት ይቀድመዋልና።

በመጨረሻም፣ በኅትመት ላይ የተቀረጸው ሰሌዳ ቀኙ ወደ ግራ፣ ግራው ወደ ቀኝ ተገልብጦ ስለሚወጣ ቀኝና ግራን ብቻ ይዘው ትርጉም አይስጡ፤ ቀለምም ካለበት ብዙውን ጊዜ ከኅትመት በኋላ በእጅ የተቀባ ስለሆነ እንደ ቀራጩ ሐሳብ አይቁጠሩት።