የከተማ ማሞቂያ መረብን ወደ ታዳሽ ሙቀት ለማሻገር፦ መጀመሪያ ተመላሹን ውሃ አቀዝቅዙ

የከተማ ማሞቂያ መረብ ከአንድ ማዕከል ትኩስ ውሃ በቧንቧ ወደ ብዙ ህንጻዎች የሚልክ ሥርዓት ነው። የማዕከሉ የጋዝ ወይም የከሰል ቦይለር ተነስቶ ሂት ፓምፕ (ከቀዝቃዛ ምንጭ ሙቀት ስቦ በኤሌክትሪክ ከፍ የሚያደርግ ማሽን) ሲተካ፣ ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያበላሸው ከህንጻዎቹ የሚመለሰው ውሃ ነው። ቦይለር 60 ዲግሪ ላይ የተመለሰ ውሃ ቢሰጡት ብዙም ግድ የለውም። የሂት ፓምፕና የፀሐይ ሰብሳቢ ምርት ግን ወዲያው ይወርዳል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከየህንጻው ምድር ቤት ነው።

የአንድ የብርድ ወቅት የሙቀት ቆጣሪ ንባብ አውጡ። እያንዳንዱ ህንጻ ያስኬደውን ውሃ በሜትር ኩብ ወስዳችሁ ለተጠቀመው ሜጋዋት ሰዓት አካፍሉ። መላኪያው (ወደ ህንጻው የሚገባው ትኩስ ውሃ) እና ተመላሹ በ40 ዲግሪ ከተለያዩ ውጤቱ 22 ገደማ ነው። 44 ከመጣ ልዩነቱ 20 ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ህንጻው ለዚያው ሙቀት እጥፍ ውሃ ያስኬዳል። በአንድ ቧንቧ ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን የግፊት ብክነቱ ወደ አራት እጥፍ፣ የፓምፑ ኃይል ወደ ስምንት እጥፍ ያድጋል። የጥገና ተራውን በሜጋዋት ሰዓት ከ22 ሜትር ኩብ በላይ በፈሰሰው ጠቅላላ ውሃ ወስኑ፤ ቁጥሩ የከፋ ትንሽ ቤት ትልቁን ሆስፒታል አይቅደም።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ተራ ነገር ነው፦ ትኩሱን ውሃ ሳይሠራበት ወደ ተመላሹ የሚያሳልፍ፣ ክፍት ሆኖ የተረሳ ማለፊያ ቧንቧ፣ ከቧንቧው ተላቆ የተንጠለጠለ ሴንሰር፣ በኖራ የተደፈነ ሂት ኤክስቼንጀር (ሙቀትን ከአንድ ውሃ ወደ ሌላ የሚያስተላልፍ ዕቃ)። ቫልቭ ከተጠረጠረ ከመቆጣጠሪያው ዝጉት፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁና ከቫልቩ ቀጥሎ ያለውን ቧንቧ በቴርሞሜትር ለኩ። አሁንም ትኩስ ከሆነ ያፈስሳል፤ የዝገት ፍርፋሪ ተሰንቅሮበት ይሆናል።

ከዚያ መላኪያውን በ2 ወይም 3 ዲግሪ እያወረዳችሁ፣ ብርድ በበረታባቸው ቀናት የመጨረሻውን ህንጻ ተከታተሉ። አንድ ዲግሪ ማውረድ የሂት ፓምፑን ኤሌክትሪክ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይቆጥባል። የመታጠቢያ ውሃ በታንክ የሚጠራቀምበት ቤት ካለ ግን ታንኩ 60 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ አለዚያ ሊጂዮኔላ የተባለው የሳንባ ምች አምጪ ባክቴሪያ ይራባበታል። ታንኮቹን ውሃውን እዚያው በሚያሞቅ ሂት ኤክስቼንጀር ሳትተኩ ብዙ አታውርዱ።

የሙቀት ምንጩ እንደ ቦታው ነው። የኖርዌይዋ ድራመን ከ2011 ጀምሮ 8 ዲግሪ ገደማ ከሆነ የፊዮርድ ውሃ በአሞኒያ ሂት ፓምፕ 90 ዲግሪ ታወጣለች። የዴንማርኳ ድሮኒንግሉንድ የሞቃት ወራትን የፀሐይ ሙቀት 60,000 ሜትር ኩብ ውሃ በሚይዝ ጉድጓድ ታስቀምጣለች። የእንዲህ ያለ ጉድጓድ ደካማ ጎን ክዳኑ ነው፤ የዝናብ ውሃ ከተኛበትና እርጥበት ከገባበት ሙቀት መያዙ ይቀራል። እርጥብ የእንጨት ፍርፋሪ የምታነዱ ከሆነም የጭሱን እንፋሎት ወደ ሙቀት የሚመልሰው ያው ቀዝቃዛ ተመላሽ ውሃ ነው።

ሂት ፓምፑን ለከፍተኛው ፍላጎት ግማሽ ያህል ብቻ ግዙ። እጅግ ብርዳም ቀናት ጥቂት ስለሆኑ የዓመቱን ሙቀት አብዛኛውን እሱ ይሸፍናል፤ ለቀሪው አሮጌው ቦይለር ይቆይ።

ከፍሳሽ ሙቀት የምትወስዱ ከሆነ ከፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያው በኋላ ይሁን። ፍሳሹ ቀዝቅዞ ማጣሪያ ከገባ ናይትሮጅን የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች ሥራቸውን ያዘገያሉ።