ፖሊስተር ቲሸርት ላይ የፕሬስ ምልክት ሳይቀር ሰብሊሜሽን ማተም

በሰብሊሜሽን፣ ማለትም ወረቀት ላይ የታተመን ምስል በሙቀት ወደ ጨርቅ በማዛወር፣ ህትመቱ አምሮ ወጥቶ ዙሪያውን የወረቀቱ ቅርጽ ታትሞ የሚቀረው ፖሊስተር በባሕርይው ፕላስቲክ ስለሆነ ነው። በሂት ፕሬስ (እያሞቀ በሚጫነው ማሽን) ሙቀት ክሩ ይለሰልሳል፤ ያን ጊዜ የተጫነው ነገር ሁሉ ቅርጹን ይተውበታል። የወረቀቱ ጠርዝ መስመር ያሰምርበታል፣ የፕሬሱ ሳህን (የሚሞቀው ጠፍጣፋ ብረት) ደግሞ ክሩን ጠፍጥፎ ያብለጨልጨዋል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚቀንሰው ሙቀቱን ነው። ነገር ግን ቀለሙ ወደ ጋዝ ተለውጦ ክሩ ውስጥ እንዲገባ ሙቀት የግድ ነው፤ ከመጠን በላይ ከተቀነሰ ህትመቱ ደብዝዞ ይወጣል። በቅድሚያ መፍትሔ የሚሹት ግፊቱና የወረቀቱ ጠርዝ ናቸው።

ከጠርዙ እንጀምር። በምስሉ ዙሪያ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ወረቀት ይተዉና ዳሩን በመቀስ ሳይሆን በእጅ ይቅደዱት። በመቀስ የተቆረጠ ዳር ስለታም ስለሆነ መስመር ያወጣል፤ የተቀደደው ግን እየሳሳ ስለሚያልቅ ጨርቁን አይቆርጠውም።

ከዚያ ስፖንጅ። ከምስሉ በየአቅጣጫው 1 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ ከወረቀቱ ግን የሚያንስ፣ ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ የሲሊኮን ስፖንጅ ቲሸርቱ ውስጥ ከምስሉ ስር ያስገቡ። ፕሬሱ ሲዘጋ ግፊቱ ምስሉ ላይ ብቻ ያርፋል፣ የወረቀቱ ዳር ከስፖንጁ ውጭ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው። የፍራሽ ስፖንጅ አይጠቀሙ፤ ሙቀቱን አይችልም። ስፖንጁ ከፍታ ስለሚጨምር ፕሬሱን እንደገና ማላላትዎን አይርሱ፤ ሲዘጋ እጀታው ያለ ትግል መውረድ አለበት።

አሁን ወደ ህትመቱ። ቲሸርቱን ከአቧራና ከክር ብናኝ ያጽዱ፣ እርጥበቱ እንዲወጣ ለ5 ሰከንድ ያህል በቀላሉ ይጫኑት። ቀለሙ ወደ ጀርባ እንዳያልፍ በስፖንጁና በፊተኛው ጨርቅ መካከል ንጹህ ወረቀት ያድርጉ። የታተመውን ወረቀት ምስሉን ወደ ታች አድርገው ያስቀምጡ፤ ሙቀት በሚችል ፕላስተር የሚይዙት ከሆነ ትንሽ ቁራጭ ይበቃል፣ እሱም ራሱ ምልክት ይተዋልና። ከላይ ከፕሬሱ ሳህን የሚሰፋ የመጋገሪያ ወረቀት ይደርቡና በ190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ50 እስከ 60 ሰከንድ ይጫኑ። የላይኛውን ወረቀት በየህትመቱ ይቀይሩ፤ ቀለም የጠጣ ወረቀት ወይም ቴፍሎን (በወረቀቱ ፋንታ የሚደረብ የማይጣበቅ መሸፈኛ) ቀጣዩን ቲሸርት ያበላሻል።

ፕሬሱን ቀስ ብለው ይክፈቱ፣ ወረቀቱንም ገና ትኩስ እያለ በአንድ ጊዜ ያንሱት። እየሞቀ ከተንሸራተተ ምስሉ ጥላ ይሠራል።

አንገቱ፣ ቁልፉና ወፍራም ስፌቱ ከሳህኑ ውጭ ይሁኑ፤ አለዚያ ግፊቱ እነሱ ላይ ይከማችና የተቀረው ቦታ ይደበዝዛል። ማሽኑ የሚያሳየው ቁጥር ሁልጊዜ እውነት ስላልሆነ የሳህኑን መሃልና ጥጎች በቴርሞሜትር መለካት ይገባል። ነጭ ጨርቅ ወደ ቢጫ ካደላ ሙቀቱ ወይም ጊዜው በዝቷል።

መስመሩ ከወጣ በኋላ የእንፋሎት ካውያ ጨርቁን ሳይነካ ከላይ ይያዙበትና ክሩን በለስላሳ ብሩሽ ያንሱት፤ ቀላል ምልክት ብዙውን ጊዜ ይለቃል። ቀልጦ ያብረቀረቀ ክር ግን አይመለስም። ቀለም ባለው ፖሊስተር ላይ ደግሞ የጨርቁ የራሱ ቀለም በሙቀት ሊለቅና የሳህኑ ቅርጽ ሊታይ ይችላል። ይህን ስፖንጅ አያድነውም፤ ሙቀቱን ወደ 180 ዝቅ አድርጎ፣ ትእዛዙን ከመጀመር በፊት የአንድ ቲሸርት ጫፍ ላይ መሞከር ያስፈልጋል።