አኔሞኒ እንዴት ይመገባል፣ ስንት ጊዜስ ይጎርሳል

አኔሞኒ (አበባ የሚመስል፣ አለት ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባህር እንስሳ) ገዝታችሁ የጨው ውሃ አሳ ታንክ ውስጥ ካስገባችሁ በኋላ የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አታብሉት። ይሄን ከሁሉም በፊት የማነሳው ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚች ጋ ስለሆነ ነው፣ እኔም የመጀመሪያ አኔሞኒዬን ያጣሁት በዚሁ ነው። ከሱቅ አምጥቼው በሁለተኛው ቀን ተጨማዶ ሳየው ርቦት ነው ብዬ አንድ ሙሉ ሽሪምፕ መሀሉ ላይ አስቀመጥኩለት፣ ያዘው፣ ዋጠው፣ እኔም ደስ አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ግማሹን ነጭ ዝልግልግ ነገር አድርጎ ተፍቶታል፣ ውሃው ደፍርሷል፣ ከዛ በኋላ አፉ እንደተከፈተ ቀረና በአራተኛው ቀን መሽተት ሲጀምር አወጣሁት። እስካሁን ይቆጨኛል።

እኛ ቤት ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው የሚባለው፣ አኔሞኒ ጋ ግን ይሄ አይሰራም። እንስሳ ነው፣ ግን ስጋው ውስጥ የሚኖሩ በጣም ጥቃቅን አልጌዎች አሉ፣ እነሱ ከመብራቱ ምግብ ይሰሩና አብዛኛውን ለሱ ያካፍሉታል። ስለዚ ዋናው ምግቡ መብራታችሁ ነው፣ ሽሪምፑ ተጨማሪ ነው። መብራቱ ደካማ ከሆነ ደግሞ በጉርሻ ብዛት ለዘለቄታው ማካካስ አትችሉም። እዚ የማወራው ብዙ ሰው ቤት ስላለው በብል ቲፕ ስለሚባለው የአኔሞኒ ዝርያ ነው፣ ከቀይ ባህር ጀምሮ እስከ ፓሲፊክ ድረስ የሚገኘው፣ የቀይ ባህር ክላውንፊሽ የሚባለው ትንሽ አሳም የሚጠለልበት።

ምን ይበላል? ጥሬ ሽሪምፕ፣ ስካሎፕ፣ ስኩዊድ፣ ወይም ፍሮዝን ማይሲስ (ሽሪምፕ የሚመስሉ ጥቃቅን የውሃ እንስሳት፣ በረዶ ሆነው የሚሸጡ)። ያልበሰለ፣ ቅመም ሎሚ ምናምን ያልነካው። ሽሪምፕ ስትገዙ ከረጢቱን ገልበጥ አድርጋችሁ ምን እንደገባበት አንብቡ፣ ሶዲየም ትራይፖሊፎስፌት የሚል ካለ ተዉት፣ ሽሪምፑ ውሃ እንዲይዝ የሚጨምሩበት ነገር ነው፣ ታንካችሁ ውስጥ ፎስፌት ይዞ ይገባል፣ የማትፈልጉትን አልጌም ያበዛባችኋል። የበሬ ስጋ፣ ዶሮ፣ የወንዝ አሳ በፍጹም። ጎልድፊሽ የሚሰጡ ሰዎች አይቻለሁ፣ እሱ ውስጥ ቫይታሚን ቢ1 የሚያጠፋ ነገር አለ፣ የባህር እንስሳ የባህር ምግብ ይብላ።

መጠኑ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ናት፣ በቃ። ትልቅ አኔሞኒ ከሆነ ሁለት ሽምብራ። ትልቅ ቁራጭ ስትሰጡት መዋጡን ይውጠዋል እኮ፣ ችግሩ ሳይፈጨው ሆዱ ውስጥ ይበሰብስና መልሶ ይተፋዋል፣ መግቢያውም መውጫውም ያው አንድ አፍ ነው።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። ቁራጩን ከታንኩ በቀዳችሁት ውሃ አቅልጡት፣ የቀለጠበትን ውሃ ድፉት። አሳዎቹን ቀድማችሁ አብሉ፣ ካልሆነ ከአኔሞኒው ላይ ነው የሚነጥቁት። ከዛ ዌቭሜከሩን (ውሃውን የሚያንቀሳቅሰውን) እና ፓምፑን አጥፉ፣ ስልካችሁ ላይ የ15 ደቂቃ አላርም ሙሉ (እቺን አትርሱ፣ ፓምፕ ጠፍቶ ካደረ አሳዎቹ ኦክስጅን ያጥራቸዋል)። በረጅም ወረንጦ ቁራጩን ይዛችሁ ቴንታክሎቹን፣ እነዛን ጣት የሚመስሉትን፣ ነካ አድርጉለት፣ አፉ ውስጥ አትክተቱ። ራሱ ይጣበቅበታል፣ ቀስ ብሎ ጣቶቹን ወደ መሀል ያጥፍና ይጎርሰዋል፣ ስንት ጊዜ አይቼው አሁንም ቆሜ ነው የማየው። አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ካልያዘው አልፈለገም ማለት ነው፣ አውጡት፣ አትለምኑት።

ታንኩ ውስጥ የሚኖር ክሊነር ሽሪምፕ ወይም ኸርሚት ክራብ (ባዶ ቅርፊት ተሸክሞ የሚሄድ ሸርጣን) ካላችሁ ጉርሻውን ከአፉ ውስጥ ሳይቀር ጎትተው ያወጡታል፣ እሱ ግብግብ ደግሞ አኔሞኒውን ይጎዳዋል። መፍትሄው ቀላል ነው፣ አንድ ንጹህ ሀይላንድ ቂጡን ቆርጣችሁ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ፣ ላዩ ላይ ደፉበት፣ በአንገቱ በኩል አጉርሱት፣ ውጦ ሲጨርስ አንሱት።

ስንት ጊዜ? ጤነኛ ከሆነ በሳምንት አንዴ፣ በአስር ቀንም ቢሆን ምንም አይልም። ክላውንፊሽ ካላችሁ ደግሞ ራሱ ምግብ ይዞ ሄዶ ሲጥልለት ታያላችሁ፣ ያንን ቁጠሩለት። ከዚ በላይ ስታበሉት ቶሎ ያድጋል፣ ለሁለት ሊከፈልም ይችላል፣ ውሃው ውስጥ ናይትሬት (ከምግብና ከኩስ የሚመጣ ቆሻሻ) ይጨምራል። የተከፈለ ከሆነ ቁስሉ ድኖ አፉ በደንብ እስኪታይ አንድ ሳምንት ያህል ተዉት። ቀለሙ ጠፍቶ የነጣው ግን ይለያል፣ እሱ አልጌዎቹን አጥቷል፣ ብርሃኑን አሟልታችሁ ማይሲስ አንድ ሁለት ፍሬ እያደረጋችሁ በሳምንት ሁለት ሶስቴ ስጡት፣ ለወራት ትዕግስት ይጠይቃል ግን ሲመለስ አይቻለሁ።

ትዕግስት ካልኩ አይቀር፣ በፈረንጅ 1828 ጆን ዳሊየል የሚባል ሰው ስኮትላንድ ውስጥ ከባህር ዳር የለቀመው አኔሞኒ እስከ 1887 ድረስ በማሰሮ ውስጥ ኖሯል፣ ዝርያው የቀዝቃዛ ባህር ነው ግን ያው አኔሞኒ ነው፣ ከለቀመው ሰው በላይ ነው የኖረው።

አፉ ተንቦርቅቆ ከተከፈተ፣ ቀኑን ሙሉ ከተጨማደደ፣ ወይም እግሩ ተላቆ ከተንሳፈፈ አታብሉት፣ መጀመሪያ ውሃውን ለኩ። አሞኒያ 0፣ ጨው በስፔሲፊክ ግራቪቲ (የጨው መለኪያው ላይ የምታነቡት ቁጥር) ከ1.025 እስከ 1.026፣ ሙቀት 25 ወይም 26 ዲግሪ። አልፎ አልፎ ለትንሽ ሰዓት መጨማደዱ ግን ያለ ነው፣ ቡናማ ክር ነገር ከአፉ ሲያወጣም አትደንግጡ፣ እሱ ኩሱ ነው።

ሁለት ሳምንት ለጉዞ ብትወጡም መብራቱ ታይመር ላይ እስካለ ድረስ በረሃብ አይሞትም። ቁልፍ ለምትሰጡት ሰው አሳዎቹን ብቻ አብላ በሉት፣ የሽሪምፑን ከረጢትም አታሳዩት።